ለሕያው የተተከለ ድንኳን

ጋሽ እንዳላማው ደጅ ድንኳን ተተክሏል ሲሉኝ ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከት ብዬ ነው የሳቅሁት። ጧት ነበር። ወደ ፔዳ የሚሄደው ታክሲ እንዳያመልጠኝ ጫማዬን ቶሎ ቶሎ እያሰርሁ ሳለ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ‹‹ጋሽ እንዳላማው ቤት ድንኳን አለልሽ›› አለችኝ። ‹‹ደግሞ ዛሬ ማንን ሊያሳክሙ ነው?›› አልኋት። እሷም ሳቀች። ከቦርሳዬ ብር አውጥቼ በመዳፌ ጨበጥሁና ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ሌሎችም ነበሩ። ‹‹እኒህ ሰውዬ የእድሩን ቁልፍ ቢቀሙም አያርፉም!›› እያለ የሚስቅ አለ። ጀልባ ነጂው ሰይድ አንድ እግሩን እየጎተተ ከፊታችን ይሄዳል፤ እሱም ብር ይዟል፣ እሱም ፈገግ ብሏል። ጡሩምባ ተነፍቶ ነበር አሉ። እኔ እንቅልፍ ጥሎኝ አልሰማሁም፤ የሰሙትም ‹‹የእሳቸው ተንኮል ነው›› ብለው ተገላብጠው ተኝተዋል።

ግቢው ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዝማም ነጠላቸውን አደግድገው ድንኳኑ መካከል ቆመው ደረታቸውን ይመታሉ። ድምፃቸው ተዘግቷል፤ አፋቸው ይከፈታል እንጂ ቃል አይወጣውም። እኛ ክው ብለን ቀረን። ሰይድ መሬት ላይ ተደፋና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ብሩን እንደጨበጥሁ ቆሜ፣ የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ፣ በመጨረሻ በጡቴ ሥር ሸጎጥሁት።

ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል። ለቅሶ ቤት እየሳቀ የሚመጣ ሰፈር የት አለ? እንዲህ ያደረጉን ግን ራሳቸው ጋሽ እንዳላማው ናቸው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር።

ሥራቸው የጀልባ ሞተር መጠገን ነበር። ጣና ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ዝቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ጠባብ መጠለያ ነበረቻቸው። አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ እጃቸው ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ ከኋላ ኪሳቸው የተጨማለቀ ጨርቅ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ደመወዝ የላቸው፣ ጡረታ የላቸው፤ ሞተር ሲበላሽ ይበላሉ፣ ሞተር ደህና ሲውል ይጾማሉ። ይህንንም ራሳቸው እየሳቁ ነበር የሚናገሩት።

አንድ ነገር ነበራቸው። ሰው ሲያገኙ ‹‹እንዴት አደርህ፣ እንዴት አደርሽ›› ከማለታቸው በፊት የእጃቸውን ጀርባ ግንባሩ ላይ ያሳርፋሉ። ሞተር እንደሚነኩ ማለት ነው። ‹‹ሞተር ድንገት ቆመ የሚል ሰው ውሸታም ነው፤ ከመቆሙ በፊት ግሏል፣ የነካው ግን የለም›› ይሉኝ ነበር። ስንት ጊዜ ከታክሲ ተራ መልሰውኛል መሰላችሁ! ‹‹አንች ልጅ፣ ትኩሳት አለሽ። ዛሬ ቢሮ አትሄጅም፣ ግቢና ተኚ።›› ግብት ብዬ እተኛለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በእውነት ያተኩሰኛል። አንድ ቀን ስለ ጤና መድን ሊያስረዳን ከከተማው አስተዳደር የመጣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ባለሥልጣን ነበር። ንግግሩን ሊጀምር ሲል ተነሥተው ሄደው ግንባሩን ነኩት። ሰውየው ደነገጠ። ‹‹ደህና ነዎት፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የጎደለዎት›› አሉት። ያን ዕለት የሳቅሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነበር። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ትልልቁን ድስት የሚያወጡትም የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ማን መረጠሽ ብትሉኝ፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተባልሁ፣ እምቢ ማለትም አልችልበትም፤ በዚያው ቀረሁ።

ሰይድን የጀልባ ሞተር እግሩን ያቆሰለው በክረምት መግቢያ ነበር። መጀመሪያ በጨርቅ አሰረው፣ ቀጥሎ የሚቀባ ነገር ገዛ፣ ቀጥሎ ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪም ጋ ሲሄድ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘህ እግርህን፣ ከዚያም አልፎ ነፍስህን ታጣለህ አሉት። የጤና መድን ካርድ አልነበረውም። በዓመት አንድ ጊዜ በምዝገባው ወራት የከፈለ ሰው ቤተሰቡን ይዞ በካርዱ ይታከማል፤ ምዝገባው ያመለጠው ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል። ሰይድ በዚያ ሰሞን ይፋግ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ አልፎታል። ‹‹ጤነኛ ነኝ፣ ምን ያጣድፈኛል›› ብሎ ነበር። ስንቶቻችን ነን እንደዚያ ያልን!

ሚስቱ ዘይነባ ወደ እድሩ መጣች። ማመልከቻዋን የጻፍሁላት እኔ ነኝ፤ መልሱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ደንቡ አጭር ነበር። እድሩ የሚከፍለው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ነው። ‹‹ካልሞተ አትረዱኝም ማለት ነው?›› አለችኝ፣ ወረቀቱን ይዛ። ‹‹አላህ ያድነው›› አልኋት። ለሷ እኮ ይህ መልስ አይደለም።

በማግሥቱ እሑድ፣ ረፋድ ላይ፣ ጋሽ እንዳላማው ዕቃ ቤቱን ከፍተው ድንኳኑን በጋሪ ጫኑና ሰይድ ደጅ ተከሉት። ለማንም አልተናገሩም። ድንኳኑን ያየ ሁሉ ሰይድ ሞተ ብሎ ጮኸ። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም፣ ሳንደርስ እንዳይቀበር ብለን እየተሯሯጥን ከየቤታችን ወጣን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም ከነጠላው፣ ከገበያ የሚመለሰውም ከነዘንቢሉ መጣ። ከገበያ ከሚመለሱት አንዷ ዘይነባ ነበረች። ለባሏ ሾርባ የሚሆን ልትገዛ ወጥታ ነበር። ደጇ ላይ ድንኳኑን ስታይ ቲማቲሙ ከእጇ ወድቆ ተበተነ፣ እሷም ወደቀች።

ይህን ጥፋት እስከ ዛሬ አልከላከልላቸውም። ሁሉን አስበው እሷን ሳያስቡ ቀሩ! ውኃ ረጭተን ስናነሣት ተንበርክከው እግሯን ያዙ። ‹‹አለ፣ በሕይወት አለ፤ እኔን ይድፋኝ፣ አለ!›› አሏት። በኋላም ለብዙ ጊዜ በደጇ ባለፉ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቁ ነበር፤ እሷ ረስታው እንኳ እሳቸው አልረሱትም።

ከዚያ ተነሡና ለእኛ ተናገሩ። ጉልበታቸው አፈር እንደያዘ ነው።

‹‹ሰይድ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ይተነፍሳል። ካልሞተ አንመጣም ብላችኋልና ድንኳኑን ተከልሁላችሁ። መጣችሁም። እንግዲህ ለቀብሩ የምታወጡትን ዛሬ ስጡት፣ ሰባት ስምንት ቀን አስቀድማችሁ ብትሰጡት ምን ትሆናላችሁ?››

አንዲት አሮጊት ‹‹ሟርተኛ!›› ብለው ምድር ላይ እንትፍ አሉ። ሰብሳቢያችን መምህር ጥላሁን ፊታቸው ደም መሰለ። ሆኖም ምን ይደረግ፣ ሰዉ አንዴ መጥቷል፤ ልቡም አንዴ ደንግጦ ተከፍቷል። ጋቢ ተነጠፈ። አንዱ እየተሳደበ ይጥላል፣ አንዱ እያለቀሰ ይጥላል። ሰይድ በሳምንቱ ታከመ። ይኸው እስከ ዛሬ እያነከሰም ቢሆን ጀልባውን ይነዳል።

እድሩ ጋሽ እንዳላማውን ሳይቀጣ አላለፈም። ያለ ፈቃድ ንብረት አውጥተዋል ተብለው ቁልፉን ተቀሙ። ቁልፉን ሲያስረክቡ ግን ዝም ብለው አልለቀቁም። ‹‹ውሰዱት፤ ነገር ግን ነገሬን በጠቅላላ ጉባኤ ስሙኝ›› አሉ። እሺ ተባሉ።

ጉባኤው በሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ነበር። ሐሳባቸው ቀላል ነው። እድሩ በየዓመቱ መክፈል ለማይችሉ አባላቱ የጤና መድኑን ይክፈልላቸው፤ ለድንገተኛ ሕመም ደግሞ ከሣጥኑ ያበድር። ‹‹እኛ እኮ ሰው ሲሞት ለመሮጥ አንደኛ ነን›› አሉ። ‹‹ሬሳ ለመሸከም አራት ሰው ሲጠራ አርባ ይመጣል። በሽተኛ ለመሸከም ግን ሚስቱ ብቻዋን ናት።››

መምህር ጥላሁን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ‹‹የታመመ አይታከም የምል አረመኔ አይደለሁም›› አሉ። ‹‹ያ ወረርሽኝ የገባ ዓመት ስንቱን እንደቀበርን ታስታውሳላችሁ። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት ከሚገባት ግማሹን ይዤ የሄድሁት እኔ ነኝ። ከፊቷ የቆምሁትም እኔ ነኝ። ሕመም ማለቂያ የለውም፤ ሞት ግን ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው። የማንችለውን ቃል ገብተን፣ ከዚያ ቀባሪም አሳካሚም ሳንሆን እንዳንቀር ነው የምፈራው።›› ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።

ባለ ሱቁ ደሴ ተነሣ። ‹‹መንግሥት ግብሩን የሚሰበስበው ለምንድን ነው ታዲያ? እሱ ያሳክም! ደግሞ ዛሬ ይህን ብንፈቅድ ነገ ሁሉም ራሴን አመመኝ እያለ አይሰለፍም?››

‹‹መንግሥት ያሳክም ማለቱን እኔም እልሃለሁ›› አሉ ጋሽ እንዳላማው። ‹‹እስኪያሳክም ድረስ ግን ሰይድ ምን ይሁን? ይጠብቅ ብለህ እግሩን ንገረው እስቲ።›› ሰዉ ሳቀ። ‹‹ያመመውም ይሰለፍ፤ አሞት እኮ ነው። ጤነኛው ለበሽተኛው ይክፈል፣ ተራው ሲደርስ ይከፈልለታል። እድርስ ይኸው አይደለም እንዴ? ያልሞትነው ለሞተው አይደለም የምንከፍለው?››

ደሴ ፈገግ አለና፣ ‹‹ጋሽ እንዳላማው፣ እውነቱን ይንገሩን። አሞዎታል እንዴ? ለራስዎ ነው የሚሟገቱት?›› አላቸው።

ቀልድ ነበር። ሰዉም እንደ ቀልድ ሳቀለት። ወደ ጋሽ እንዳላማው ዞርሁ። አንድ እጃቸው ከኮታቸው ሥር፣ ከሆዳቸው ታች፣ የሆነ ነገር ተጭኖ እንደያዘ አየሁ። ‹‹እኔ? እኔ ደህና ነኝ›› አሉ። ‹‹አለት ነኝ እኔ።›› እትዬ ዝማም መሬት መሬት ያያሉ።

ደንብ ለመለወጥ ከሦስት እጅ አባል የሁለቱ እጅ ድጋፍ ያስፈልጋል። መምህር ጥላሁን ‹‹የሚደግፍ እጁን ያውጣ›› አሉ። እትዬ ዝማም ከሁሉ ቀድመው አወጡ፤ ክንዳቸው ጆሯቸውን እስኪነካ ቀጥ አድርገው። ሰይድ፣ ዘይነባ፣ አሳ አስጋሪዎቹ፣ የቀን ሠራተኞቹ ሁሉ አወጡ። ቆጠርሁ። ከሚያስፈልገው አራት እጅ ጎደለ።

ከአራቱ አንዱ የእኔ ነበር። ብዕር ይዤ ነበር፣ እየቆጠርሁ ነበር፣ ጸሐፊ ነኝ፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም የሚል ደንብ የለም፤ ደንቡን በእጄ የገለበጥሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። እኔን መሥሪያ ቤቴ ያሳክመኛል። ወርኀዊው መዋጮ ይጨምራል ሲባል ሰሰትሁ። ይኸው ነው። ለዚህ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሲበተን ጋሽ እንዳላማው ወደ እኔ መጡ። ‹‹አንች፣ በደንብ ጻፍሽው?›› አሉኝ። ‹‹ጻፍሁት ጋሼ።›› ‹‹እንግዲያ አንድ ቀን ይነበባል›› አሉና ጨርቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ላባቸውን እየጠረጉ ሄዱ። ቀዝቃዛ ቀን ነበር። እጄን እንዳላወጣሁ አይተዋል፤ እርግጠኛ ነኝ። አንድ ቃል ቢወቅሱኝ ምን ነበረበት!

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር አንድ ሞተር ፊታቸው ተጋድሞ፣ እሳቸው የሚያነሡትን ሌላ ሰው እስኪያነሣላቸው ተቀምጠው ሲጠብቁ አየኋቸው። እሳቸው! ሞተር እንደ ዘንቢል አንጠልጥለው የሚሄዱት ሰው! ሁለተኛው ታክሲ ተራ ነበር። በቀልድ የእጄን ጀርባ ግንባራቸው ላይ አሳረፍሁ፣ እሳቸው እንደሚያደርጉት። እሳት ነበር። ‹‹ጋሼ፣ ትኩሳት አለዎት!›› አልሁ። ‹‹ፀሐዩ ነው›› አሉኝ። ታክሲው መጣ። አመንኋቸው፤ ወይም ማመኑ ቀለለኝና ገባሁ።

የሆነውን እትዬ ዝማም የነገሩኝ በሠልስቱ ነው። ቡአ ነበረባቸው፤ አንጀት ከሆድ ታች ገፍቶ የሚወጣበት። በሞተር ሸክም የመጣ ነው፤ ዓመታት አስቆጥሯል። ካርድ በነበራቸው ጊዜ ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቷቸው ነበር፤ ‹‹ሥራ ሲቀንስ›› እያሉ አሳለፉት። ከዚያ ሥራው በእውነት ቀነሰ። ሐይቁን የሚጎበኝ እንግዳ ጠፋ፣ ጀልባዎቹ ዳር ታስረው ቆሙ፣ የሚበላሽም ሞተር አልተገኘም። በዚያ ዓመት የምዝገባው ወር ሲመጣ የሚከፍሉት አልነበራቸውም፣ ካርዱም ሳይታደስ ቀረ። ‹‹ለአንድ ዓመት ምን እንሆናለን ዝማሜ›› አሏቸው። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ አስቡት። ለማይችሉት የጤና መድን ይከፈልላቸው እያሉ ሲሟገቱ፣ ካርድ ከሌላቸው አንዱ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

‹‹ሁለት ቀን ሙሉ ተንፈራገጠብኝ›› አሉኝ እትዬ ዝማም። ‹‹ልጩህ፣ ጎረቤት ልጥራ አልሁት። ቀሚሴን ይዞ አልለቅሽም አለኝ። ‹ለራሱ ነበር የሚሟገተው ይሉኛል ዝማሜ። የሰይድን ድንኳን እንኳ ውሸት ያደርጉብኛል። እስከ ነገ ታገሽኝ፣ ይተወኛል› አለኝ። እኔም እንደ ሞኝ ታገሥሁት። በሦስተኛው ቀን ራሱን ሲስት ነው በባጃጅ የወሰድሁት። ሐኪሟ ልጅ ናት፣ ልጄ የምትሆን። ‹እማማ፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?› አለችኝ። የት ነበርን ልበላት? እቤታችን ነበርና! ከእናንተ አጥር እስከ እኔ አጥር ስንት እርምጃ ነው?››

አላለቀስሁም። ተናደድሁ። በእሳቸው ነው የተናደድሁት፤ አሁንም እናደድባቸዋለሁ። ሰው እንዴት ለሌላው አደባባይ ወጥቶ ድንኳን ተክሎ፣ ለራሱ ‹‹አመመኝ›› የምትል አንዲት ቃል ያቅተዋል? ደሴ የጠየቃቸው ጊዜ ‹‹አዎ፣ አሞኛል›› ቢሉ ኖሮ፣ እምላለሁ፣ ያ ጉባኤ እንዳለ ይነሣ ነበር። ደሴ ራሱ ተሸክሟቸው ይሮጥ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ግን ደግሞ ንዴቴ ሲበርድ ይገባኛል። እሳቸው የፈለጉት እንዲታዘንላቸው አልነበረም። የሚወድዱት ሰውም፣ የማይወድዱት ሰውም፣ አፍ ያለውም የሌለውም፣ ሲታመም ማንንም ሳይለምን እንዲታከም ነበር የፈለጉት። በእሳቸው ሕመም ጉባኤው ቢነሣ ኖሮ የሚታከሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኛ ደግሞ ደንቡን ትተን እሳቸውን አሳክመን፣ ጥሩ ሰዎች ነን ብለን ወደየቤታችን እንገባ ነበር።

አርባቸው ካለፈ በኋላ መምህር ጥላሁን ራሳቸው ጉባኤ ጠሩ። እዚያው ዋርካ ሥር። ያንን የተጻፈ ሐሳብ ሊያነቡ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሁለት መስመር አነበቡ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ‹‹አንች አንብቢው›› ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። አነበብሁት። የሚቃወም ካለ ተባለ። ደሴ አንገቱን ደፍቶ የወደቀ ቅጠል በጣቱ ይፈትላል።

‹‹የሚደግፍ እጁን ያውጣ።››

በዚህኛው ብዕሬን አስቀድሜ መሬት አስቀመጥሁ። እጄን አወጣሁ። ቀና ስል መምህር ጥላሁን አውጥተዋል፣ ደሴ አውጥቷል፣ ያን ዕለት ሟርተኛ ብለው የተፉት አሮጊት አውጥተዋል። መቁጠሩም አላስፈለገኝም። ከዳር እስከ ዳር እጅ ብቻ ነበር።

እትዬ ዝማም ብቻ አላወጡም። ጥቁር ለብሰው ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። መምህር ጥላሁን አይተዋቸው ፈሩ መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹እትዬ ዝማም፣ እርስዎ ሐሳብ አለዎት? ተቃውመው ነው?›› አሏቸው።

‹‹ኧረ እኔ ምን ብዬ እቃወማለሁ፤ ደግ አደረጋችሁ›› አሉ። ‹‹እኔ ግን እጄን ባለፈው አውጥቻለሁ።››

የሁላችንም እጅ ገና አልወረደም ነበር።